መዝገቡ ዘግይቶ ሲከፈት
በቀውስ ጊዜ በውጭ አገር ያሉ ሠራተኞችን ስለ መጠበቅ የቀረበ ታሪካዊ ሐተታ

በኅዳር ወር 2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ የተባረሩ ኢትዮጵያውያንን የጫኑ አውሮፕላኖች በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሌትና ቀን ያርፉ ነበር። በአንዳንዱ ቀን የሚገባው ሕዝብ ቍጥር እስከ 7,000 ይደርስ ነበር። ከአውሮፕላን የወረደው ሁሉ ወደ መዝጋቢ ይቀርባል፤ ስሙን፥ ዕድሜውንና የትውልድ ወረዳውን ይናገራል፤ መዝጋቢውም ይጽፋል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በሕጋዊ መንገድ የወጡ ስላልነበሩ፥ በውጭ አገር ሠራተኛነታቸው በመንግሥት መዝገብ ላይ ሲሰፍር ይህ የመጀመሪያው ነበር። የተጻፈውም ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

የመጽሔታችን አዘጋጆች በቀውስ ጊዜና ከቀውስ በኋላ ፍልሰተኞችን የመጠበቅ አቅም እንዴት እንደሚገነባ በታሪክ መልክ እንዳቀርብ ሲያዙኝ፥ ቀድሞ በኅሊናዬ የመጣው ይህ መዝገብ ነው። ስለ አቅም ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታሰበው አውሮፕላን፥ ድንኳንና ገንዘብ ነው። የሦስት ዐሥርት ዓመታት ታሪክ የሚያሳየን ግን ሌላ ይመስለኛል፤ ይኸውም፥ ዜጋው የት እንዳለ፥ በማን ቤት እንደሚሠራና ፓስፖርቱ በማን እጅ እንደሚገኝ አስቀድሞ የሚያውቅ አካል ከሌለ፥ አውሮፕላኑ ቢመጣም የሚጭነው በራሱ ጕልበት እስከ ሜዳው የደረሰውን ብቻ መሆኑን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።)

ሐምሌ 26 ቀን 1982 ዓ.ም. የኢራቅ ጦር ኩዌትን ሲይዝ፥ በዚያች አገር ከተወላጁ ይልቅ የሚበዛው ከውጭ የመጣው ሠራተኛ ነበር። በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በረሃውን አቋርጦ ወደ ዮርዳኖስ ጐረፈ። ህንድ ከዐማን ብቻ ከ100,000 በላይ ዜጎቿን በሁለት ወር ገደማ በአውሮፕላን አወጣች። ኤምባሲና አየር መንገድ በቅርብ ያለው መንግሥት ሰዉን ወሰደ፤ የሌለው ግን የዓለም አቀፍ የፍልሰት ድርጅትን ደጅ መጥናት ግድ ሆነበት። ድርጅቱ በአስቸኳይ ጊዜ ሰዎችን የማጓጓዝ ልምዱን በሰፊው ካዳበረባቸው ወቅቶች አንዱም ይኸው ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሊባኖስ ጦርነት ሲነሣ ግን ችግሩ ሌላ መልክ ያዘ። ኩዌትን የለቀቀው ሠራተኛ ቢያንስ ወደ መንገድ መውጣት ችሎ ነበር። በቤይሩት የነበሩት ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞች በከፋላ ሥርዓት ሥር ያሉ ናቸው፤ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪያቸው ጋር የተሳሰረ፥ ፓስፖርታቸውም ብዙ ጊዜ በአሠሪው መሳቢያ የተቈለፈበት ነው። ቦምብ ሲወርድ ቤተሰቡ ወደ ተራራው ሲሸሽ፥ ሠራተኛዋን በር ዘግተውባት የሄዱ አሠሪዎች ነበሩ። እንዲህ ያለችውን ሴት ለማዳን አድራሻዋን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

የሊቢያው ጦርነት ልዩነቱን ይበልጥ ግልጽ አደረገው። ከየካቲት 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ 800,000 የሚጠጋ ፍልሰተኛ ድንበር እየተሻገረ ወጣ። ቻይና 35,000 ያህል ዜጎቿን በሁለት ሳምንት ገደማ አነሣች፤ አብዛኞቹ በታላላቅ የግንባታ ኩባንያዎች ሥር ስለ ነበሩ፥ የትኛው ሰው በየትኛው ሠፈር እንዳለ አሠሪው ያውቅ ነበርና። ወደ አገራቸው መመለስ ያልቻሉት ሶማሊያውያን፥ ኤርትራውያንና ሌሎችም ግን በቱኒዚያ በሹሻ መጠለያ ረጅም ጊዜ ቈዩ።

ከዚህ ልምድ በመነሣት ፊሊፒንስና አሜሪካ በ2006 ዓ.ም. በቀውስ ላይ በሚገኙ አገሮች ስላሉ ፍልሰተኞች የሚመክር ውጥን አቋቋሙ። በሰኔ 2008 ዓ.ም. የወጣው ሰነድ 10 መርሆዎችና 15 መመሪያዎች አሉት፤ ዝግጅትን፥ አስቸኳይ ርዳታንና ከቀውስ በኋላ ያለውን ሥራ ለይቶ ይመለከታል። ሁለተኛው መመሪያ የፍልሰተኞች መረጃ ምስጢራቸውና ደኅንነታቸው ተጠብቆ አስቀድሞ እንዲሰበሰብ ይጠይቃል። ይህን ሰነድ ካዘጋጀው የሥራ ጓድ አባላት አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

እዚህ ላይ ታሪኩ ራሱ ይተዛዘባል። ኢትዮጵያ ዜጎቿ ለሥራ ወደ ውጭ እንዳይሄዱ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ከልክላ ነበር፤ ክልከላውም እስከ 2010 ዓ.ም. ጸንቶ ቈየ። ዓላማው ከጕዳት ማዳን እንደ ነበረ አይካድም። ነገር ግን ሕጋዊው በር ሲዘጋ ሰዉ ጕዞውን አልተወም፤ በጂቡቲ በኦቦክ በኩል ባሕር እየተሻገረ፥ በጦርነት በምትታመሰው የመን አቋርጦ ወደ ሳዑዲ ገባ። በዚህም ምክንያት፥ መረጃ አስቀድሞ ይሰብሰብ የሚለው መመሪያ በሚረቀቅባቸው በእነዚያው ዓመታት፥ የእኛው መዝገብ ባዶ ሆኖ ዋለ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ሁለተኛውን የምሕረት ዐዋጅ ስታወጣ፥ በተከታዮቹ ዓመታት በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ሲመለሱ እንደ ገና በቦሌ ሀ ብለን መመዝገብ ጀመርን።

በ2006 ዓ.ም. ከ160,000 በላይ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ሲገባ፥ መጀመሪያ የተገመተው ቍጥር ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር፤ ግምቱ በየጊዜው ከፍ ሲል የመጠለያውም የምግቡም ዕቅድ ከኋላ ከኋላው ይከተል ነበር። አቀባበሉ በራሱ የሚያስመሰግን ነው። ችግሩ የመጣው ተመላሹ የመሳፈሪያ ገንዘቡን ተቀብሎ ወደ ወረዳው ከሄደ በኋላ ነው። ለጕዞው ሲል በሬ የሸጠው፥ ከአራጣ አበዳሪ የተበደረው ቤተሰብ ዕዳው አልተከፈለለትም፤ በእስር ወይም በመንገድ የደረሰበትን የሚያዋየው የሠለጠነ ሰው በወረዳው አልነበረም። በሙያችን ይህ ሥራ ዓመታትን የሚጠይቅ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በጀቱ ግን ለወራት ነበር። የሰለጠኑትም ጊዜያዊ ሠራተኞች የመጨረሻው አውሮፕላን ሲያርፍ ተበተኑ።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 923 ሥራ የሚፈቀደው ስምምነት ወደ ተደረገባቸው አገሮች ብቻ እንዲሆን ደነገገ፤ የሠራተኛ ጕዳይ ተጠሪ በውጭ እንዲመደብም መንገድ ከፈተ። በመዝገብ ለተጓዘው ሰው ትልቅ እርምጃ ነው። ከዚያ በፊት ለሄደው ግን እምብዛም አልደረሰም።

በሰኔ 2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋ ሲወድቅና ወረርሽኙ ሲገባ፥ አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን በቤይሩት በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ በመኪና እያወረዱ ይሄዱ ጀመር። ሻንጣቸውን ተደግፈው በእግረኛ መንገድ ላይ ከተቀመጡት ሴቶች ብዙዎቹ ደመወዛቸው ያልተከፈለ፥ ፓስፖርታቸውም ያልተመለሰላቸው ነበሩ። በሁለት ወሩ፥ ሐምሌ 28 ቀን፥ የወደቡ ፍንዳታ ከተማዪቱን አናጋት። ፓስፖርት የሌላት ሴት ለመሳፈር የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋታል፤ የይለፍ ወረቀት ለማግኘትም አስቀድሞ ማንነቷ መታወቅ አለበት። ያም እንደ ገና ከስም፥ ከዕድሜና ከትውልድ ወረዳ ይጀምራል።