የክረምቱ ምርት፦ እንዝርት፣ መርፌና ምድጃ በአራዳ ቤቶች

በአገራችን የወቅት አከፋፈል ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ጊዜ ክረምት ይባላል። የውጭ መጻሕፍትን በትርጉም የሚያነብ ሰው የአውሮፓውንም የበረዶ ወራት በዚሁ ቃል ተጠርቶ ያገኘዋል፤ ሆኖም ሁለቱ ስም ይጋሩ እንጂ በግብር አይመሳሰሉም። የአውሮፓው ገበሬ ምርቱን ጎተራ አስገብቶ እሳት ዳር የሚቀመጥበት ጊዜ፣ ለኢትዮጵያው ገበሬ የእርሻ፣ የዘርና የአረም ጊዜ ነው፤ ጎተራውም የሚሟጠጠው በዚሁ ወቅት ነው። የከተማው ክረምት ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው በእነዚህ ወራት ይወርዳል፤ ጎዳናው ይጨቀያል፣ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ሰውም ወደ ቤቱ ይሰበሰባል። ስለ አራዳ የተጻፈው ታሪክ በአመዛኙ የበጋ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገበያው፣ የጊዮርጊስ ክብረ በዓል፣ እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴል፣ ሲኒማ ቤቱና ሰልፉ በሰፊው ተወስተዋል። ዝናቡ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲደበድብ ከበሩ በስተውስጥ ይመረት ለነበረው ግን የምርት ስም እንኳ አልተሰጠውም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የንግዷ እምብርት በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተዘረጋው የአራዳ ገበያ ሆነ። ከየአውራጃው የሚመጣው እህል፣ ቅቤ፣ ማርና ጥጥ፣ ከባሕር ማዶ ከሚመጣው አቡጀዲ ጋር በዚያ ይገናኝ ነበር። የሕንድ፣ የአርመን፣ የግሪክና የዓረብ ነጋዴዎች ሱቆቻቸውን በዙሪያው ከፈቱ። ለቤተ መንግሥቱ ግልጋሎት የሚሰጡ ባለ እጆችም በአቅራቢያው ሰፈሩ፤ ሠራተኛ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእነርሱ ነው። በዚያ ዘመን የነበረው ባላባታዊ አስተሳሰብ በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን ሰው ይንቅ እንደነበር የታወቀ ነው። አንጥረኛው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ የሚሰደቡበት ቃል አይጠፋም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ ሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያመለክታል።

ፈትል ግን እንዲህ ያለ የጥበቃ አዋጅ አላስፈለገውም። ከወይዘሮዋ እስከ ገረዷ እንዝርት የማትይዝ ሴት አልነበረችምና ሥራው ነውር አልነበረበትም። ነውር አለመሆኑ ግን ዋጋ እንዲቆረጥለት አላደረገም። «ሙያ» የሚለው ቃል ራሱ ለዚህ ምስክር ነው፤ ለወንድ ሲነገር እንጀራ የሚያበላ ሥራ ማለት ሲሆን፣ ለሴት ሲነገር የጓዳ ችሎታ ማለት ነው። ባለ ሙያ የተባለችው ሴት ትመሰገናለች፣ ለትዳር ትታጫለች፤ ደመወዝ ግን የላትም። የሚገርመው፣ ፈትልን ከእርሻ ጋር እኩል ሥራ አድርጎ የቆጠረው የበዓላት ሥርዓት መሆኑ ነው። በዓል በሚከበርበት ቀን ሞፈር እንደማይጨበጥ ሁሉ እንዝርትም አይያዝም ነበር። የሴቲቱ ድካም ሥራ ለመሆኑ በግልጽ የታመነበት በክልከላው ብቻ ነበር ማለት ነው።

የፈትሉን ሂደት ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የሥራው ክፍፍል ከወቅቶች ጋር የተጣጣመ መሆኑን ይገነዘባል። ጥጥ ፀሐይ ሲያገኝ ፍሬውን በቀላሉ ስለሚለቅ፣ ማስጣቱና በመዳመጫ መዳመጡ የደረቅ ቀን ሥራ ነው። በደጋን ከተነደፈ በኋላ ባዘቶው ለስልሶ ይወጣል፤ ተጠቅልሎም አመልማሎ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ፀሐይም ሰፊ ቦታም አይጠይቅም፤ አንዲት ሴት፣ አንድ እንዝርትና አንድ በርጩማ ይበቁታል። የጥጥ ጭረት እርጥበት ሲያገኝ ጥንካሬው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የእንግሊዝ የጥጥ ኢንዱስትሪ በላንክሻየር የሰፈነበት አንዱ ምክንያት የአካባቢው አየር እርጥብ መሆኑ እንደነበር፣ የፈትል ፋብሪካዎችም የአዳራሻቸውን አየር ሆን ብለው ያረጥቡ እንደነበር የኢንዱስትሪ ታሪክ ይነግረናል። የአራዳዋ ፈታይ ይህን ከመጽሐፍ አላነበበችውም። በሐምሌ ጭጋግ የሚወጣው ክር ቶሎ ቶሎ እንደማይበጠስ የምታውቀው በጣቷ ነው።

ክሩ በእንዝርቱ ላይ ከተጠራቀመ በኋላ ልቃቂት ሆኖ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ታሪካዊ ለውጥ አለ። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የውጭ ጨርቅና የፋብሪካ ክር ወደ መሐል አገር በብዛት መግባት ቻለ፤ በ1920ዎቹ ዓ.ም. በጥጥ ውጤቶች ገበያ ላይ የጃፓን ምርት የበላይነቱን ይዞ ነበር። በዚህ ውድድር የእጅ ፈትል ይጠፋል ተብሎ ሊገመት ይችል ነበር፤ ሆኖም አልጠፋም። ሸማኔው እኩል ውፍረት ያለውንና ጠንካራውን የፋብሪካ ክር ለድር ሲወስድ፣ ለማግ ግን ለስላሳውንና ሙቀት ያዡን የቤት ፈትል አስቀረ። በመሆኑም አንድ ጋቢ በአንድ ገላው የሁለት ዓለም ሥራ ተሸክሟል፤ ርዝመቱ ከባሕር ማዶ ወይም ከፋብሪካ፣ ወርዱ ከጓዳ የመጣ ነው። ፋብሪካው ዋጋውን በደረሰኝ ተቀብሏል፤ ሸማኔውም የእጁን ዋጋ ተደራድሮ ወስዷል። በሒሳቡ ውስጥ ያልገባችው ማጉን የፈተለችው ናት።

ለሥራው ቀነ ገደብ የሚያወጣለት እንቁጣጣሽ ነው። ለአዲሱ ዓመት ቀሚስና ነጠላ እንዲደርስ ልቃቂቱ ለሸማኔው አስቀድሞ መሰጠት አለበት፤ ባለ አራት ድርቡን ጋቢ ለሚያስብ ቤት ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ። እንዝርቱ ከቡና ረከቦቱ አይለይም፤ አንደኛው ስኒ ተቀድቶ ሦስተኛው እስኪወርድ ድረስ እጅ አያርፍም። ጎረቤት ተጠራርቶ ቡና በሚጠጣበት ግቢ ልጃገረዷ ፈትልን የምትማረው ማንም «ላስተምርሽ» ሳይላት ነው።

በአማርኛ «ስፌት» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሸከማል። አንደኛው በወስፌ፣ በሰበዝ፣ በአክርማና ቀለም በተነከረ አለላ የሚሠራው የመሶብ፣ የሌማትና የሰፌድ ስፌት ነው፤ ሁለተኛው በመርፌና በክር የሚሠራው የልብስ ስፌት ነው። በአራዳ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኙ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የልብስ ስፌት መኪና ሲስፋፋ «ሲንጀር» የፋብሪካው ስም መሆኑ ቀርቶ የመሣሪያው ስም እስኪመስል ድረስ ተለመደ። በሱቆቹ በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጠውን መኪና ይዞ የተቀመጠው ልብስ ሰፊ ወንድ ነበር፤ ክፍያውም በእጁ ነበር። በእጅ የሚዞረው መኪና የገባበት ቤት ደግሞ የአባትን ካፖርት ለልጅ ጃኬት፣ ያረጀውን አንሶላ ለትራስ ልብስ፣ የዱቄት ከረጢቱን ለማድ ቤት መጋረጃ ይለውጥ ነበር። ሰኔ 30 ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጆች ዩኒፎርም የሚጠገነውና የሚሰፋውም በዚሁ ወቅት ነው። አንዱ ገንዘብ ስለሚያመጣ ሥራ ተባለ፣ ሌላው ገንዘብ ስለሚያድን ሥራ አልተባለም። በኢኮኖሚ ዓይን ግን የዳነ ብር ከተገኘ ብር አያንስም።

የሹራብና የዳንቴል ሥራ ከፈትል በኋላ የመጣ ነው፤ ቃላቱም የመጣበትን መንገድ ያሳያሉ። «ሹራብ» ከዓረብኛ የተገኘ ሲሆን በምንጩ የእግር ልብስን ያመለክታል፤ የእግር ልብሱን እኛ «ካልሲ» ስንል ቃሉን ከጣሊያንኛ ወስደናል፤ «ዳንቴል» እና «ኪሮሽ» ደግሞ የፈረንሳይኛ ናቸው። የውጭ ማኅበረሰቦች፣ የሚሲዮን ትምህርት ቤቶችና በ1924 ዓ.ም. የተከፈተው የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ለዚህ ሙያ መስፋፋት በር ከፍተዋል። በመጀመሪያ የመኳንንት ቤት ጌጥ የነበረው ዳንቴል ውሎ አድሮ የሬዲዮኑ፣ የብፌውና የወንበሩ ልብስ ሆኖ ወደ ደሳሳው ቤት ገባ። አንዳንድ የጥበብ ሰዎች ይህን የከተሜ ጌጠኛነት አድርገው በንቀት ሲያዩት ይስተዋላል። ፍርዱ ትክክል አይመስልም። ጭስ ባጠቆረው ግድግዳና በሚያፈስ ጣሪያ መካከል ነጭ ዳንቴል የዘረጋች ሴት የውበትን ጥያቄ በራሷ መንገድ መልሳለች፤ ንድፉንም ያወጣችው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጎረቤቷ ሥራ ቀዳዳ በመቁጠር ነው።

የጓዳው ሥራ ለአገር ጉዳይ በይፋ የተጠራበት ክረምት አለ፤ የ1927 ዓ.ም. ክረምት ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ በወሰን ላይ ጦር ስታከማች፣ በሐምሌ ወር የአገር ፍቅር ማኅበር ተመሥርቶ በአደባባይ የሕዝቡን ስሜት መቀስቀስ ጀመረ። በዚያው ወቅት የተሰባሰቡ የአዲስ አበባ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው ለዘማቹ ልብስና የቁስል ማሰሪያ ፋሻ ማዘጋጀት ያዙ። አንደኛው በዜማና በንግግር፣ ሌላው በመርፌና በክር ለአንድ ዓላማ ሠሩ። የመጀመሪያው ዛሬም በፒያሳ የቆመ ቲያትር ቤት ሆኖ ይታወሳል፤ የሁለተኛው ሥራ ከዘማቹ ጋር ሄዶ በዚያው ቀርቷል። በሕንድ እነ ጋንዲ የፈትል መዘውርን የነፃነት ትግል ምልክት አድርገው በሰንደቅ ዓላማቸው ላይ እስከ መሳል ደርሰዋል። የእኛ እንዝርት እንዲህ ያለ ክብር አላገኘም።

በወረራው ዘመን የኢጣሊያ አስተዳደር የከተማውን ሕዝብ በዘር ለመከፋፈል ባወጣው ዕቅድ የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ መርካቶን አቋቋመ፤ የቀድሞው አካባቢ የአውሮፓውያን መገበያያ ሆኖ «ፒያሳ» የሚለው ስም ተተከለበት። ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ ገበያው አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ የአራዳዋ ሴት ጥጥም ሆነ ሰበዝ ፍለጋ የክረምቱን ጭቃ እየረገጠች መርካቶ መውረድ ግድ ሆነባት።

ምድጃውም እንደ እንዝርቱ የራሱ የወቅት ሥርዓት አለው። በክረምት የሚበላው በበጋ የተሠራ ነው። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ተሰጥቶ፣ ተደልዞ የሚዘጋጀው፣ የሽሮው እህል ታምሶ፣ ተከክቶ የሚደርቀው ፀሐይ ሳለ ነው፤ ሰኔን ያለ ሽሮና በርበሬ የተቀበለ ቤት ነሐሴን በችግር ይዘልቃል። እህል የሚወደደውም በዚሁ ጊዜ ስለሆነ ጎመን፣ ንፍሮና ገንፎ የቤቱን ማዕድ ይይዛሉ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የፍልሰታ ጾም ነው፤ በመካከሉ በነሐሴ 13 ቡሄ ሲደርስ የየቤቱ ሙልሙል ለጨፋሪ ልጆች ይታደላል። በየመንገዱ ዳር ከከሰል ምድጃ የሚወጣው የበቆሎ እሸት ሽታም የፒያሳ ክረምት መለያ ነው። ማገዶው ግን ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከማገዶ እጦት ማዳኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በክረምት እንጨቱም ቅጠሉም ይረጥባል። ርጥብ ጭራሮ ነድዶ እንጀራ እስኪጋገር የሚወጣውን ጭስ የዋጡት የጋጋሪዋ ዓይንና ሳንባ ናቸው፤ ስለ ባህላዊ ምግባችን ውበት ሲጻፍ ይህ ጭስ አብሮ ሲነሣ እምብዛም አይታይም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። በአራዳ በአንድ የአጥር ግቢ፣ በአንድ የውሃ ቧንቧና በአንድ ማድ ቤት የሚገለገሉ የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ኑሮ ከዚህ በኋላ ሰፊውን የሰፈሩን መልክ ያዘ። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወረራውን ሲከፍትና የእናት አገር ጥሪ ሲተላለፍ፣ በየቀበሌው የተሰባሰቡ እናቶች በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ለስንቅ አዘጋጁ። እንደገና በክረምት፣ እንደገና ያለ ደመወዝ። የጋራው ማድ ቤት ጠብና ሐሜት አላጣውም፤ ሆኖም አንዲቱ ወጥ ስትጠብቅ ሌላዋ ሹራቧን የምትቀጥልበት፣ የአንዷ ልጅ ከሌላዋ እጅ የምትማርበት ቦታ እርሱ ነበር።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው በከተማዋ ልዩ ልዩ አቅጣጫዎች ወደሚገኙ መኖሪያዎች ተዛውረዋል። የዛጉት ግድግዳዎችና የሚያፈሱት ጣሪያዎች ይቆዩ የሚል ክርክር ማንሳት ያስቸግራል፤ የተሻለ ቤት የሕዝብ መብት ነውና። ሆኖም የታሪክ ሕንፃዎች ሲመዘገቡ የግቢ ኑሮ አልተመዘገበም። የትኛዋ እናት ከየትኛዋ ጎረቤት ምን ዓይነት የዳንቴል ንድፍ እንደተቀበለች፣ የትኛው ግቢ በማግ ፈትሉ እንደታወቀ የሚናገሩት ሴቶች ዛሬ በተለያየ ሕንፃ፣ በተለያየ ፎቅ ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። ቃላቸውን ለመቅዳት የሚያስፈልገው አንድ መቅረጫና ጥቂት ክረምቶች ናቸው።

በሽሮ ሜዳና በመርካቶ ሸማ ተራ ማጉ በእጅ የተፈተለ ጋቢ ከፋብሪካ ክር ብቻ ከተሠራው በበለጠ ዋጋ ይሸጣል። ገዢው ጨርቁን በመዳፉ ዳብሶ፣ ጫፉን ፈታ አድርጎ ክሩን ያያል፤ ከዚያም የሚጠይቀው የሸማኔውን ስም ነው።