የደረስጌው የልጅ ልጅ

ደባርቅ የሚወርድ እንግዳ ሐሳቡ ጭላዳና ዋልያ ላይ ነው። እኔም ያው ነበርኩ። ከተራራው ማዶ በጃናሞራ ስላለችው ደረስጌ ማርያም የጠየቅሁት ሻንጣዬን ከሸከፍኩ በኋላ ነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሯት የስሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው፤ ሊነግሡባት። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ካሣ ኃይሉ ድል አደረጓቸውና እዚያው ደረስጌ ላይ አቡነ ሰላማ ቀብተዋቸው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። የውቤ ድግስ ለሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው። በኋላም የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ። በ1853 ዓ.ም. ዓለማየሁ ተወለደ።

የአልጋ ወራሽ ነገር ሲነሣ «የአባቶቹን ወግ ያዘ ወይስ ጣለ?» ብለን መጠየቅ እንወዳለን። ጥያቄው ለምኒልክ ይሠራል። በአሥራ አንድ ዓመታቸው ተማርከው መቅደላ ያደጉት በማራኪያቸው ቤት ነው፤ ግን በአማርኛ፣ ጾሙንና ግብሩን እያዩ። ቴዎድሮስ ልጃቸውን አልጣሽን ሳይቀር ድረውላቸዋል። በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ ሲገቡ የሚይዙትንም የሚጥሉትንም ያውቁ ነበር።

ዓለማየሁስ? ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አባቱ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲገድሉ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ዳዊት ከእጃቸው የማይለየው እናቱም በወሩ መንገድ ላይ ዐረፉ። እንግሊዝ ወሰዱት። አሳዳጊው ካፒቴን ስፒዲ አማርኛ ያውቅ ነበር፤ ልጁም ከእሱ መለየት አይወድም። መንግሥት ግን ለያያቸው። ቼልተንሃም፣ ራግቢ፣ ከዚያ የሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት። (የአባቱን አምባ የሰበረው ጦር መኮንን ሊያደርጉት እኮ ነው!) ኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ ከተማ ውስጥ በ18 ዓመቱ ሞተ። ንግሥት ቪክቶሪያ ራሳቸው ሕይወቱ ደስታ እንዳልነበረው በማስታወሻቸው ጽፈዋል። የተቀበረው ዊንድዘር ነው።

«ፈረንጅ ሆኖ ቀረ» የሚሉትን ስሰማ እናደዳለሁ። ጾሙን ልግደፍ አልግደፍ ብሎ የሚያመነታ ልጅ እኮ ጾም የሚጾም ቤት ውስጥ ያደገ ነው። እሱ በዚያ ዕድሜው ማንን አይቶ ይያዝ? ማንንስ እምቢ ይበል?

ዐፅሙ ላገሩ እንዲበቃ በተደጋጋሚ ተጠይቋል። በ2015 ዓ.ም. ከባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የመጣው መልስ፣ አጠገቡ የተቀበሩትን ሌሎች ሰዎች ዕረፍት ሳያውኩ እሱን ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር።