ተራ ጠባቂው ኪቦርድ

በሙዚቃ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው አዲስ አድማጭ ከየት ያመጣል? አብዛኞቻችን የምንሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ከወጣቶቹ ጋር ይሥራ፣ የዘመኑን ምት ይከተል እንላለን። የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ግን ለየት ያለ ነገር ይነግረናል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጋሽ ኃይሉ በ1970ዎቹ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። ባንዱ አዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት በነበረበት በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ታውጆ ነበርና ማታ የገባ ታዳሚ ሳይነጋ ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም። ሙዚቀኞቹም እስኪነጋ ይጫወቱለታል። ያኔ አድማጭ ፍለጋ የሚባል ጣጣ አልነበረም።

በ1981 ባንዱ ሥራውን ለማቅረብ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ከፊሎቹ ሲመለሱ ጋሽ ኃይሉና ሌሎች እዚያው ቀሩ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ሁሉንም መሣሪያ ብቻቸውን ተጫውተው አንድ ካሴት ቀረጹ። በልጅነታቸው የለመዱትን አኮርዲዮን ከሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር አዋህደው የቆዩ የአገር ቤት ዜማዎችን ተጫወቱ። ካሴቱ አገር ቤትም ገባ፤ ተደመጠ፤ ከዚያ እንደ ብዙ ካሴቶች መደርደሪያ ላይ ቀረ።

እሳቸውም ከመድረክ ራቁ። ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ መንዳት ጀመሩ። ነገር ግን ተራ እስኪደርሳቸው ድረስ ኪቦርዳቸውን ከታክሲው የኋላ ኮፈን አውጥተው ይለማመዱ ነበር። የሚያጨበጭብ የለም፤ የሚከፍል የለም።

ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ያንን ሥራ ያገኘው ባህር ዳር ነው። ባለቤቱን አፈላልጎ በ2013 እንደገና አሳተመው። ካሴቱ ሲወጣ ያልተወለዱ የአውሮፓና የአሜሪካ ወጣቶች አዳራሽ ይሞሉላቸው ጀመር። በ2018 ደግሞ አዲስ አልበም አወጡ።

«ዕድል ነው» የሚል አይጠፋም። ካሴቱ መገኘቱ አዎ፣ ዕድል ነው። ግን ስልኩ ሲደወል ጣቶቻቸው ደርቀው ቢሆን ኖሮ ያ ካሴት መታሰቢያ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። መድረክም አዲስ አልበምም አይኖርም። አዲሱን አድማጭ የሳበው የሃያ ስምንት ዓመት ዕድሜ ያለው ሥራ ነው፤ አድማጩን ይዞ ያቆየው ግን ታክሲ ውስጥ ያልተቋረጠው ልምምድ ነው።

እኛን የሚመለከተው የቀረው ነገር ነው። ካሴቱ የተገኘው በአገራችን ከተማ ነው፤ ያየው ግን እንግዳ ሰው ነው። በየቤታችን ቁም ሳጥን አቧራ የለበሱ፣ ተጫዋቾቹ እነማን እንደሆኑ እንኳ ያልተጻፈባቸው ስንት ካሴቶች አሉ? ክሩ ሳይበጠስ መገልበጥ፣ ባለቤቶቹም በሕይወት ሳሉ ስማቸውን ጠይቆ መጻፍ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። እነሱ ተራቸውን ጠብቀዋል፤ የሚደውልላቸው ሰው ነው የጠፋው።