ሁለተኛው ካንሰርና የጨረሩ ልክ

በአፍ ወይም በጉሮሮ ካንሰር ታክሞ የዳነ ሰው ሌላ ዕጢ ሲገኝበት፣ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ ስለ ዕጢው ትውልድ ነው። የቀድሞው ልጅ ነው ወይስ ራሱን ችሎ የበቀለ? መልሱ ከተሳሳተ፣ ሊድን የሚችለው ሕመምተኛ ካንሰሩ እንደ ተሠራጨበት ተቆጥሮ ማስታገሻ ብቻ ይታዘዝለታል።

የቪየናው ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ቢልሮት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ያኖረው ሚዛን ጥብቅ ነበር። ሁለቱ ካንሰሮች በሕዋስ መልካቸው የተለያዩ እንዲሆኑ፣ በተለያየ ስፍራ እንዲገኙና እያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን ሥርጭት እንዲያሳዩ ይጠይቅ ነበር። ይህ ሚዛን ለራስና ለአንገት ካንሰር አልበጀም፤ ከአፍ እስከ ማንቁርት የሚበቅለው ካንሰር አብዛኛው ከአንድ ዓይነት ሽፋን የሚነሣ በመሆኑ፣ በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ መንታ ይመሳሰላልና። ሺልድስ ዋረንና ኦሊቭ ጌትስ በ1932 (እ.ኤ.አ.) ሚዛኑን አላሉት፤ ሁለቱም በርግጥ ካንሰር መሆናቸው፣ መለያየታቸውና አንዱ የሌላው ሥርጭት አለመሆኑ በቂ ሆነ። ስሎተርና ባልደረቦቹም በ1953 ከመረመሯቸው 783 የአፍ ካንሰር ሕመምተኞች መካከል ከአሥር አንድ የሚበልጡት ከአንድ በላይ ካንሰር እንደ ነበራቸው ገለጹ። ለዓይን ጤነኛ የሚመስለው የዕጢው ዙሪያም ተለውጦ አገኙት። ትምባሆና አልኮል የሚያበላሹት አንድን ነጥብ ሳይሆን ማሳውን በሙሉ ነው።

የጨረር ሕክምና ወደዚህ ታሪክ የገባው በሌላ በር፣ እንዲያውም በበግ አውራ ነው። በፓሪስ የራዲየም ተቋም ክሎድ ረጎ የአውራ በግ ቆለጥ በአንድ ጊዜ ጨረር ሲያመክን ቆዳው ክፉኛ ይጎዳ እንደ ነበረ፣ መጠኑ ለብዙ ቀናት ሲከፋፈል ግን ቆዳው እንደሚተርፍ አስተዋለ። የሥራ ባልደረባው አንሪ ኩታር ይህንኑ ስልት ለማንቁርት ካንሰር አውሎ፣ የገፋ ሕመም እንኳ ያለ ከባድ ጉዳት ሊድን እንደሚችል በ1922 በፓሪስ ጉባኤ አሳየ። ዛሬም በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጠው ጨረር የዚህ ሥራ ውርስ ነው።

ነገር ግን ሁለተኛውን ካንሰር ለማየት የሚበቃው ከመጀመሪያው የዳነ ሰው ነው። የተጨረረው አካል ደግሞ የተቀበለውን አይረሳም። በቀን 2 ግሬይ በሚሰጥበት ልማድ የኅብለ ሰረሰር ድርሻ ከ45 እስከ 50 ግሬይ ገደማ እንዳያልፍ ይጠበቃል፤ የመጀመሪያው ሕክምና አብዛኛውን ከጨረሰው፣ በዚያው ስፍራ ሙሉ መጠን መድገም ለሽባነት ያጋልጣል። የመንጋጋ አጥንት መሞትና የአንገት ዐቢይ ደም ቅዳ መፈንዳትም የሚያሰጉ ናቸው። ስለሆነም ቀዶ ሕክምና የሚቻል ሲሆን ብዙ ጊዜ ይመረጣል። ሁለት ካንሰሮች በአንድ ወቅት ሲገኙ፣ ለምሳሌ አንዱ በጉሮሮ ሌላው በምግብ ቧንቧ ላይ ሲሆን፣ የሁለቱ ጨረር መገናኛ እንዳይደራረብ ሁለቱን በአንድ ዕቅድ ማስላት ይበጃል። ከ1990ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው ጥንካሬው የሚለዋወጥ ጨረር ይህን አቅልሎታል፤ ግን የቀድሞውን መጠን አይሰርዝም።

በመድኃኒት የመከላከሉ ሙከራም ተስፋ ሰጥቶ ነበር። በ1990 ከፍተኛ መጠን ያለው አይሶትሬቲኖይን ሁለተኛ ካንሰርን ከ24 ወደ 4 በመቶ እንዳወረደ ተገለጸ፤ በአነስተኛ መጠን በሰፊው ሲሞከር ግን በ2006 የወጣው ውጤት ጥቅሙን አላረጋገጠም። ስለዚህ ጨረር ለመድገም የሚያስብ ሐኪም አስቀድሞ የሚጠይቀው የቀድሞውን ሕክምና መዝገብ ነው፦ የት፣ ስንት ግሬይ፣ በስንት ቀን።