«ጥቁር» ስለሚባለው ቃል

ከዕለት ወደ ዕለት የምንናገራቸው ቃላት እጅግ ከመለመዳቸው የተነሣ፣ ከየት እንደ መጡና ምን ያህል ሸክም ተሸክመው እንደሚዞሩ መለስ ብሎ የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። እኔንም ወደዚህ ነገር የመራኝ ትምህርት ሳይሆን አንድ ተራ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነበር። በምሠራበት መዝገብ ቤት ከብዙ ዘመን በፊት ታትሞ የተረፈ የሠራተኛ ማኅደር ቅጽ ነበረ፤ ከስምና ከትውልድ ስፍራ በታች «መልክ» የሚል አንድ መሥመር አለው። አዲስ የተቀጠረ አንድ ወጣት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ቅጹን ስሞላለት፣ ቀና ብዬ አየሁትና «ጠይም» ብዬ ጻፍሁ። ወጣቱም አንገቱን ዘንበል አድርጎ የጻፍሁትን አነበበ፤ ከዚያም በትሕትና «ጋሼ፣ እኔ እኮ ጥቁር ነኝ፤ ጥቁር ብለው ይጻፉልኝ» አለኝ። በእውነቱም ጥቁር ነበረ። እኔ ግን ጠይም በማለቴ ያከበርሁት መስሎኝ ነበር። ማክበሬ ከምን እንደ መጣ ራሴን ስጠይቅ መልስ ስላጣሁ፣ ቃሉን ከሥሩ ልመረምረው ተነሣሁ።

የቃሉ ዘር የሚጀምረው ከማድቤት ነው። ግዕዝ ለጥቁር ቀለም ያለው ዋናው ስም «ጸሊም» ሲሆን፣ «ጽልመት» የሚለውም ሆነ የእኛ «ጨለማ» ከዚያው ዘር የወጡ ናቸው። አማርኛ ግን ለቀለሙ ስም የወሰደው ሌላውን ነው። በግዕዝ «ጠቀር» ማለት እሳት በነካው ሸክላና በጎጆ ጣራ ሥር የሚጋገረው ጥላሸት ነው፤ ዛሬም «ጥቀርሻ» የምንለው እርሱኑ ነው። እንግዲህ አማርኛ ተናጋሪ «ጥቁር» ሲል፣ በቃሉ አመጣጥ ብንሄድ፣ የሚያስበው ብርሃን የጎደለውን ነገር ሳይሆን እሳት የነደደበትንና ሰው የኖረበትን ቤት ነው።

ይኸው ጥላሸት ሁለት ሥራ ሲሠራ ኖሯል። የሰው ስም የሚያጠፋ «ጥላሸት ቀባው» ይባላል፤ የብራና ጸሓፊው ደግሞ ጥላሸቱን ከተቆላና ከተወቀጠ እህል ጋራ አዋሕዶ፣ ለብዙ ጊዜ አብላልቶ፣ ቀለም ያደርገዋል። በመጻሕፍቶቻችን ውስጥ የቅዱሳን ስምና የምዕራፍ መነሻ በቀይ ይጻፋል፤ ሌላው፣ ማለት አብዛኛው ነገር፣ በጥቁር ነው። «ቀለም» የሚለው ቃል ራሱ የትምህርት ስም ሆኖ «የቀለም ቀንድ»፣ «ቀለም ቆጠረ» ያሰኘው ይህ ጥቁር ፈሳሽ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ገበሬውም ቃሉን በጥሩ ያውቀዋል። በአንዳንዱ አገር መረሬ፣ በሌላውም ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን ይገመታል። በክረምት ውሃ ይዞ እግርና ማረሻ ይውጣል፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ ይከፈታል። ክረምቱ ሲወጣ ግን በያዘው እርጥበት ብቻ ሽምብራ ያበቅላል። ከእህሉም ወገን፣ ነጩ ማኛ ለጌታ፣ ጥቁሩ ጤፍ ለድኻ ሲባል ብዙ ዘመን ተኖረ፤ በኋላ ሐኪሞች የብረት ንጥረ ነገር በጥቁሩ ይበዛል ማለት ሲጀምሩ ጌታውም ጥቁሩን ይፈልግ ጀመር። ቅመም የሚገዛ ሰው ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ ፈጽሞ የተለያዩ ተክሎች መሆናቸውን ያውቃል፤ እዚያ ቀለሙ ከመለየት በቀር ሌላ ፍርድ የለበትም።

ስለ ወንዛችንም አንድ ነገር ልበል። ፈረንጆች «ሰማያዊ» የሚሉትን ዓባይ እኛ «ጥቁር ዓባይ» እንለዋለን፤ ካርቱም ላይ የሚገናኘውን ደግሞ «ነጭ ዓባይ»። ይህ የትርጉም ስሕተት የሚመስለው ሰው አለ፤ አይደለም። «ሰማያዊ» በአማርኛ ከሰማይ የተወለደ ቃል ነው፤ ከቀለምነቱ አስቀድሞ ሰማያዊ መንግሥት፣ ሰማያዊ አባት ለማለት ያገለግል ነበር። ጠቆር ያለውን ሁሉ የሚጠቀልለው አንዱ «ጥቁር» ነበር። ሱዳኖችም ወንዙን የሚጠሩበት «አዝረቅ» የሚለው ዐረብኛ በእነርሱ አነጋገር ለጥቁር ነገርም ይነገራል። በክረምት የደጋውን አፈር ጠርጎ ሲወርድ ያየ ሰው ስሙን አይጠራጠርም።

ያልታወቀ ነገር ጥቁር ነው። ከዚህ በፊት ቤት ረግጦ የማያውቅ ሰው ሲመጣ «ጥቁር እንግዳ» ይባላል፤ መልኩ እንደ ወተት ቢነጣም ስሙ አይለወጥም፣ ክብሩም ከቤተኛው ይበልጣል እንጂ አያንስም። የተቆጣ ሰው ፊቱ ይጠቁራል፤ ሊዘንም የተቃረበ ሰማይም እንደዚሁ፤ ከሁለተኛው ግን ገበሬው ተስፋ ያደርጋል። የሞተበት ሰው የሚለብሰው ጥቁር ልብስ በቀድሞ አነጋገር «ከል» ይባላል። በሌላው ወገን ደግሞ በሰሜን አገራችን ሴቶች ለውበት ድዳቸውን በንቅሳት ያጠቁሩ ነበር፤ ጥርስ ነጭ ሆኖ የሚታየው ጥቁር ሲከበው ነውና። ጥቁር ሰሌዳ፣ ጥቁር ገበያ፣ ጥቁር መዝገብ የሚሉት ግን ከውጭ ቋንቋ የተተረጐሙ ናቸው፤ የመጀመሪያው አስተማሪዎቻችንን አገለገለ፤ የቀሩት ሁለቱ «ጥቁር» ማለት ሕገ ወጥ ማለት ነው የሚል ልማድ ይዘውብን ገቡ።

እስከዚህ ያለው ቀላሉ ነው። ከባዱ ቃሉ ወደ ሰው ቆዳ ሲሻገር ይጀምራል።

በዚህ ረገድ ጥፋቱን ሁሉ በፈረንጅ ላይ መጣል የተለመደ ነው፤ ታሪክ ግን ይህን አይፈቅድልንም። በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ዒዛና በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ በግዕዝ ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ፣ ለመዝመቱ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ጥቁሮቹ በቀዮቹ ላይ ጦርነት ማንሣታቸው ነው። እንግዲህ ሰውን ቀይና ጥቁር ብሎ መለየት በአገራችን ከ1,600 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ንጉሡም የቀዮቹ ወገን ሆኖ የሚናገር ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ልማዱ ተጣርቶ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር የሚል መሰላል ሠራ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ቅዱሳኑን በብሩህ መልክ ሲሥል ሰይጣኑን ያጠቁረዋል። ከሁሉ የከፋው ግን የባርነት ነገር ነው፤ ከደቡብና ከምዕራብ ጠረፍ እየተፈነገለ የሚሸጠው ሰው መልኩ ጥቁር ነበረና፣ በብዙ ሰው አፍ «ጥቁር» እና «ባሪያ» እንደ አንድ ቃል ተቈጠሩ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ገብታ በዚያው ዓመት ባሮች ነፃ የሚወጡበት ሕግ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ ተሻረ። አዋጅ ሰንሰለትን ይፈታል፤ ቃልን ለመፍታት ግን ሌላ ጊዜ ይጠይቃል። «ጠይም» የሚለው መልካም ቃል ብዙ ሰው ከጥቁርነት ሸሽቶ የሚጠጋበት ጥላ ሆኖ የቀረው ከዚህ የተነሣ ነው። እኔም ቅጹን ስሞላ ያን ወጣት ሳልጠይቀው ወደዚሁ ጥላ ስቤው ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን የአገራችን ስም ምን ይል እንደ ነበረ ሲታሰብ ነገሩ ያስደንቃል። «አይቲዮፕስ» የሚለው የግሪክ ቃል በብዙ ሊቃውንት አተረጓጐም ፊቱን እሳት ያቃጠለው ማለት ነው። የአገር ሊቃውንት ስሙን ኢትዮጲስ ከሚባል ንጉሥ ያወጡታል። ዒዛና በግሪክኛ ባስጻፈው ላይ ይህ ስም የሚገኘው በግዕዙ «ሐበሠት» ከሚለው ጋራ ተመሳክሮ ነው። ግሪኮች ያዩት የተቃጠለ ፊት፣ የእኛም ቃል የሚያወሳው የእሳት ጥላሸት፤ ሁለቱ ሳይተዋወቁ ከአንድ ምድጃ ዙሪያ ተቀመጡ።

ቃሉ በግልጽ የክብር ስም የሆነው በመከራ ጊዜ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት ከተያዘች በኋላ፣ በስዊድን መኰንኖች የሠለጠኑ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶችና ሌሎች የተማሩ አርበኞች በነቀምት ተሰባስበው «ጥቁር አንበሳ» የሚባለውን ማኅበር አቆሙ። ሊቀ መንበራቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ከነቀምት አጠገብ ቦነያ ላይ ባረፉ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ላይ አደጋ ጣሉ፤ በኋላም በልዑል ራስ እምሩ መሪነት ዘመቱ፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጅ ሰጡ። ዘመናቸው አጭር ነበር። ነገር ግን በ10 አንቀጽ ባወጡት ደንብ ጦሩ ለፖለቲካው አመራር እንዲታዘዝ፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ የተማረከ እንዳይጐሳቈል አዘዋል። ስሙን የሰጣቸው ጋማው የጠቆረው የአገራችን አንበሳ ነው፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ታላቁ ሆስፒታል በዚህ ስም ይጠራል። በዚያው ዓመት ከየካቲት 12 ቀን ጀምሮ በአዲስ አበባ ሕዝቡን የጨፈጨፉት ፋሽስቶች ደግሞ «ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች» ነበሩ። አንዱ ጥቁር ከላይ የሚለበስ ነበረ።

በዚያው ጊዜ ባሕር ማዶ ሌላ ኢትዮጵያዊ ስሙን ለራሱ ወስዶ ነበር። በዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማረው ዶክተር መላኩ በያን አፍሪካ አሜሪካዊት አግብቶ፣ በ1929 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ለኢትዮጵያ ነፃነት የሚቆም ዓለም አቀፍ ማኅበር መሠረተ፤ የጻፈውንም መጽሐፍ ስለ ጥቁር ሰዎች ጉዞ ሲል ሰየመው። የዐድዋን ድል እንደ ራሳቸው ድል ቈጥረው የኖሩትን ሰዎች ወገኖቼ ማለት ከብዙዎቻችን ቀድሞ የገባው እርሱ ነው። በ1932 ዓ.ም. ነፃነትን ሳያይ ሞተ። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት ይህ ሐሳብ የመንግሥት ሐሳብ ሆነ፤ በ2004 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ካሣሁን ስለ ዐፄ ምኒልክና ስለ ዐድዋ የዘፈነበትን አልበም «ጥቁር ሰው» ሲለው ደግሞ የወጣቱ ሁሉ አነጋገር ሆነ።

በስደት ያሉት ወገኖቻችን ቃሉን የተማሩት በሌላ መንገድ ነው። በ1977 እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን በአገራቸው ሳሉ ራሳቸውን ቀይ ወይም ጠይም ይሉ ነበር፤ እዚያ ሲደርሱ ሁሉም ባንድነት ጥቁር ተባሉ። የለገሡት ደም በሥውር ሲደፋ እንደ ኖረ በጥር 1988 ዓ.ም. በታወቀ ጊዜ፣ በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጥተው ጮኹ። ወደ አሜሪካ የሄደውም፣ ጠይሙ ከጥቁሩ፣ የቀይ ዳማው ከጠይሙ ሳይለይ፣ በቅጹ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። አገር ቤት ያቆምነው መሰላል በአንድ ቀን ይወድቃል።

ወደ ቅጹ ልመለስ። ወጣቱ ካረመኝ በኋላ «ጠይም» የሚለውን በአንድ መሥመር ሰርዤ፣ ከላዩ «ጥቁር» ብዬ ጻፍሁና እንደ ደንቡ በጐኑ ፈረምሁ። በሳምንቱ የቅርብ አለቃዬ ማኅደሩን ሲያገላብጥ ስርዙን አይቶ፣ «ልጁ ተቀይሞ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። «የለም፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» አልሁት። እርሱም አንድ ጊዜ ቅጹን፣ አንድ ጊዜ እኔን አይቶ፣ ማኅደሩን ወደ ቦታው መለሰ።