በክኒኑ ካርቶን ውስጥ ያለችው ወረቀት

የእርግዝና መከላከያ ክኒን ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ የታጠፈች፣ ጽሑፏ ደቃቅ የሆነች ወረቀት ታገኛላችሁ። ብዙዎቻችሁ ሳታነቡ ትጥሏታላችሁ። ዛሬ ይህች ወረቀት እንዴት እንደመጣች ልንገራችሁ።

በአሜሪካ የመጀመሪያው የእርግዝና መከላከያ ክኒን ኢኖቪድ ነው፤ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1960 ነበር። አንዷ ፍሬ 150 ማይክሮግራም ኤስትሮጅን ነበራት። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ከ20 እስከ 35 ብቻ ይይዛሉ። ከተጠቃሚዎቹ መካከል በእግራቸው ወይም በሳንባቸው ደም የረጋባቸው፣ ስትሮክ የመታቸውም ነበሩ። ብዙዎቹ ግን ይህ ሊደርስ እንደሚችል ከሐኪማቸው አልሰሙም።

ባርባራ ሲማን በሴቶች መጽሔቶች ላይ ስለ ጤና የምትጽፍ ጋዜጠኛ ነበረች። አንባቢዎቿ የደረሰባቸውን በደብዳቤ ይነግሯት ጀመር። እሷም ደብዳቤዎቹን ችላ አላለችም፤ ሐኪሞችን ጠየቀች፣ ማስረጃ ሰበሰበች፣ በ1969 መጽሐፍ አሳተመች። በቀጣዩ ዓመት ጃንዋሪ ላይ ሴናተር ጌይሎርድ ኔልሰን ጉዳዩን በምክር ቤት ማጣራት ጀመረ። ባለሙያዎች ተራ በተራ ሲመሰክሩ ክኒኑን ከወሰዱት ሴቶች አንዲትም አልተጠራችም። አሊስ ወልፍሰንና ጓደኞቿ ከታዳሚው መካከል ተነስተው «እኛስ?» ብለው ተቃወሙ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለተጠቃሚዋ የሚሆን ማስጠንቀቂያ ከክኒኑ ጋር እንዲሰጥ አዘዘ።

ይህን የምነግራችሁ ክኒን እንድትፈሩ አይደለም። ያኔም ብዙዎች ደንግጠው በድንገት አቁመዋል። ደም የመርጋት ዕድሉ ዛሬ አነስተኛ ነው፤ እንዲያውም በእርግዝናና በአራስነት ጊዜ ይበልጣል።

ኤስትሮጅን ያለውን ክኒን ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን ለባለሙያ ንገሩ፦
✅ ዕድሜያችሁ 35 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የምታጨሱ ከሆነ
✅ የደም ግፊት ወይም ከዚህ በፊት የደም መርጋት ካለባችሁ
✅ ዓይን ላይ ብልጭታ የሚያስቀድም ማይግሬን ካለባችሁ
✅ በቅርቡ ከወለዳችሁ

⚠️ አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ድንገተኛ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዕይታ መዛባት ከመጣ ፈጥናችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

መርፌም ሆነ በክንድ የሚቀበር ብትመርጡ መብታችሁ ያው ነው፦ ጥቅሙንም ጉዳቱንም አውቆ መምረጥ። ሳትጠይቁ አትጀምሩ፤ ሳታማክሩም አታቁሙ።

ለእህቶቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። መልካም ጤንነት!