ምድር ስንቱን ትችላለች? ስለ ጓሳና ስለ ቄሮ ሥርዓት

የሰው ቍጥር እየበዛ ሲሄድ ምድር ትበቃዋለች ወይስ አትበቃውም የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲያከራክር ኖሯል። ቶማስ ማልቱስ የተባለ እንግሊዛዊ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1798 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሕዝብ በማባዛት ሲያድግ ምግብ ግን በመደመር ብቻ ያድጋልና ራብ አይቀርም ሲል ተከራከረ። በዚያ ጊዜ የዓለም ሕዝብ ወደ 1 ቢሊዮን ይጠጋ ነበር፤ በ2022 ግን 8 ቢሊዮን ደረሰ። ማልቱስ ያላሰበው ነገር ነበረ፤ ይኸውም ከአየር ማዳበሪያ የማውጣት ጥበብና የተሻሻለ ዘር ነው።

እኛ የመንዝ፥ የግሼና የመርሐ ቤቴ ልጆች ግን ይህን ክርክር በደጃችን እናየዋለን። ደጋችን ውርጭ የሚወርድበት የገብስና የበግ አገር ነው። ከዳገቱ የሚታጠበው አፈር ወደ ጀማ ይወርዳል፤ ጀማም ለዓባይ ያስረክበዋል። የሄደ አፈር በማዳበሪያ አይመለስም።

በቀድሞው ዘመን መሬት በርስት ይያዝ ነበር። አቅኚው አባት የያዘው ምድር ለወንድም ለሴትም ልጅ ስለሚተላለፍ፥ ትውልድ በበዛ ቍጥር የእያንዳንዱ ድርሻ ይጠብ ነበር። የዚያን ጊዜ ሰው መሬት ሲጠበው ሌላ አገር ሄዶ ያቀና ነበር። ዛሬ ግን የሚቀና ባዶ ምድር የለም። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ 53 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል ድልድል ተደረገ። እኛ ከዚያ በኋላ የተወለድን ነን። ስለዚህ አብዛኞቻችን ከወላጆቻችን ማሳ ላይ ከመቈረስ በቀር የራሳችን ድርሻ የለንም።

ታዲያ ራብ የሚመጣው ከብዛት ብቻ ነውን? ታሪክ እንዲህ አይልም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በክፉ ቀን ጊዜ የአገራችን ሕዝብ ከዛሬው እጅግ ያነሰ ነበር። ነገር ግን የከብት በሽታ ገብቶ በሬውን ሁሉ ስለ ፈጀው፥ ምድሩ ሳይጠፋ የሚያርሰው ጥማድ ጠፋና ሕዝብ አለቀ። እንግዲህ ከቍጥሩ ሌላ፥ ሰው ያለውን ነገር እንዴት ይጠብቃል የሚለውም መመርመር አለበት።

ለዚህ ምሳሌው በመንዝ የሚገኘው ጓሳ ነው። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው የሣር ምድር ሲሆን፥ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ውሃው በአንድ ወገን ወደ ዓባይ፥ በሌላው ወገን ወደ አዋሽ ይወርዳል። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ ከብትም ይሰማራበታል። አባቶች እንደሚተርኩት አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚዎች በ17ኛው መቶ ዓመት ይህን ምድር ለይተው ቄሮ የሚባል ሥርዓት አቆሙለት። በየወገኑ አለቃ ይመረጣል፤ ጓሳው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ተፈቅዶ ይታጨዳል፤ ሕግ ያፈረሰም ይቀጣል። በዚህ ሥርዓት ሣሩ ሳያልቅ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆየ።

ሆኖም እውነቱን መሸፈን አይገባም። የቄሮ መብት የአስቦና የጌራ ተወላጆች ብቻ ስለ ነበረ፥ ጐረቤቱ ሣሩን እያየ ይቀር ነበር። ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ለተከለከለው ሰው በሩ ተከፈተለት፤ ሣሩ ግን ጠባቂ አጥቶ ተጐዳ። ፍርዱ ያለ ሥርዓት ሣሩን ማቆየት አልቻለም፤ ሥርዓቱም ያለ ፍርድ ጐረቤትን አላረካም። ኋላ የአካባቢው ሕዝብ ኮሚቴ አቁሞ ጓሳውን እንደ ገና መጠበቅ ጀመረ።

አሁን ጥያቄው ወደ እኛ ዞሯል። መሬት የሌለው ወጣት ጓሳን አይቶ ለምን አይታረስም ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ውርጭ በሚመታው በዚያ ከፍታ ሣሩ ቢገለበጥ፥ ጥቂት ዓመት ደካማ ገብስ በልተን ምንጩንም ክዳኑንም እናጣለን። ስለዚህ የእኛ እንጀራ ከእርሻ ሌላ መፈለግ አለበት፤ ከሱፍ ሥራ፥ ከእጅ ጥበብና ከትምህርት። ወላጆችም የልጆቻቸውን ቍጥር ከማሳቸው ስፋት ጋር ቢያመዛዝኑ መልካም ነው። ምድር ስንቱን ትችላለች ለሚለው ጥያቄ አንድ ቍጥር መልስ አይሆነውም፤ አባቶቻችን የጓሳን ሣር በሚያጭዱበት ጊዜ ለሚመጣው ዓመት ያስተርፉ ነበርና፥ የእኛም ልክ የሚታወቀው ለሚከተሉን በምናስተርፈው ነው።